ሰባት ቁጥር አትጾምም

ሲራክ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም ሰው ዋሽቶ አያውቅም። ዝም ያለበት ነገር ግን ነበረው፤ ዝምታውም ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመት ደፈነ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። አበው ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ሶልና ውስጥ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ወርደው መዳብ የሚያነቅዝ ባክቴሪያ ሲቀለብ ቢያዩ ኖሮ ይህን ተረት ሁለቴ ያስቡበት ነበር።

ባክቴሪያዎቹን የሚቀልበው ሲራክ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ ቁጣው እስኪበርድ መቶ ሺህ ዓመት ይፈልጋል። ስዊድኖች ለጥርስ ሐኪም በስድስት ወር፣ ለዚህ ደግሞ በመቶ ሺህ ዓመት ቀጠሮ የሚይዙ ሰዎች ናቸውና፣ ነዳጁን በወፍራም የመዳብ ጋን አሽገው፣ ጋኑን በሸክላ አፈር ጠቅልለው፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ከዓለት ሥር ሊቀብሩት ተነሥተዋል። ታዲያ በዚያ ጥልቀት ያለ አየር የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። በልተው ሲጠግቡ የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ መዳቡን ያጠቁረዋል፤ ያጠቆረውንም ቀስ እያለ ይበላዋል።

በዓመት ምን ያህል ይበላዋል? ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር ሌናርት አሥራ ሁለት ጠርሙሶች አዘጋጀ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ ሸክላ አፈር፣ ባክቴሪያና አንድ ቁራጭ መዳብ አለ። ከመዳቡ ጋር የተያያዘች ቀጭን ሽቦ የተበላውን ያህል በየቀኑ ለኮምፒውተሩ ታወራለች። ሲራክ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ፣ መርፌ ይዞ፣ ለእያንዳንዷ ጠርሙስ ቀለቧን ይሰጣል። ሥራው ይኸው ነው።

ሥራውን የጀመረ ሰሞን ሌናርት ቡናማ ብልቃጥ አሳይቶት «ምግባቸው ይሄ ነው፤ የወተት አሲድ» አለው። ሁለት ወር ሳይሞላ ዓቢይ ጾም ገባ። ሲራክ በስደት ሱዳን በረሃ ላይ እንኳ ጾም ገድፎ የማያውቅ ሰው ነው። እሱ ወተት ሳይቀምስ፣ በእጁ ያሉትን ፍጥረታት በሳምንት ሁለቴ የወተት ዘር ሊያጠጣ! ጓንቱን አጥልቆ፣ መርፌውን ይዞ አንድ ቁጥር ጠርሙስ ፊት ቆመና አሰበ። በነነዌ ጊዜ ከብቶቹ ሳይቀሩ ጾመው የለም? በሬ ከጾመ ባክቴሪያ ማን ሆኖ ነው የሚበላው? ደግሞስ እዚያ ዓለት ሥር ወርዶ በሳምንት ሁለቴ ወተት የሚያጠጣቸው ማን አለ? መርፌውን መልሶ አስቀመጠው።

ያሰበው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ነገር ግን የጀመሩትን ጾም መግደፍ ያስፈራል፤ ሃምሳ አምስቱንም ቀን አስጾማቸው። በፋሲካ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ሲቀልባቸው ጠርሙሶቹ በሁለት ቀን ውስጥ ጥላሸት መሰሉ፤ ምድር ቤቱም በእንቁላል ግማት ታፈነ። ሲራክ አልፈረደባቸውም። እሱ ራሱ ከዶሮው በኋላ ሆዱን ይዞ ሲገላበጥ ነበር ያደረው።

ከዚያ ወዲህ ፍልሰታን ጨመረላቸው፤ የነነዌንም ሦስት ቀን ጨመረላቸው። የነቢያትን ጾም ግን ተወላቸው። በስቶክሆልም የኅዳር ጨለማ እሱም የሚለግምበት ጾም ስለሆነ፣ ራሱ የማይሸከመውን በሌላ ላይ መጫን ግፍ መሰለው።

ከአሥራ ሁለቱ መካከል ሰባት ቁጥር ከመጀመሪያው ደካማ ነበረች። በመጀመሪያው ጾም እሷንም አስጀምሯት ነበር፤ አንድ ማክሰኞ ብቻ ብትዘለል ሽቦዋ ጸጥ አለች። ሲራክ ሕጉን ያውቃል፤ ሕመምተኛ አይጾምም። እሷን በማግሥቱ ቀለባት፤ ከዚያ ወዲያ በጾምም በፍስክም ምግቧ ተቋርጦ አያውቅም።

ደግሞ ምንም አልደበቀም! የቀለብ መዝገቡ ላይ፣ ባልቀለበበት ቀን ሁሉ፣ በየሣጥኑ «ጾም» ብሎ በአማርኛ ይጽፋል። ሰባት ቁጥር ላይ «ታማለች፣ በልታለች» ይላል። ሌናርት በወር አንዴ መዝገቡን ያገላብጥና «ፊርማህ እንዴት ያምራል!» ይለዋል። ሲራክም «አመሰግናለሁ» ይላል። በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነውና ጽሕፈቱ እውነትም ያምራል፤ ለእውነት ማመስገን ደግሞ ውሸት አይባልም።

ምሥጢሩን የምታውቀው ሚስቱ ዘመናይ ብቻ ነበረች። ያወቀችውም በአፍንጫዋ ነው። በሁለተኛው ዓመት የጾም ወቅት፣ ሮግስቬድ ያለው ቤታቸው በር ላይ ካፖርቱን ስትቀበለው አሸተተችና «ሁለት ወር ሙሉ አልገማህም። ሥራ ነው የምትሄደው ወይስ ሌላ ቦታ?» አለችው። ከመጠርጠር ይሻላል ብሎ ነገራት። ሦስት ቀን ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለፋሲካ ዋዜማ «ልጆችህ በሰላም አገባደዱ?» እያለች ትጠይቀዋለች።

ይህ ሁሉ በጨዋታ ባለቀ ጥሩ ነበር። ሌናርት ግን ሳይንቲስት ነው፤ ያየውን አይቶ አያልፍም። ኮምፒውተሩ የሣለው መስመር በየፈረንጅ ዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ጥርስ ያወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ሸለቆ ይገባል፤ በነሐሴ ደግሞ አንድ ትንሽ ጉድጓድ አለ። የነሐሴው ባለበት ነው። ትልቁ ሸለቆ ግን አንድ ዓመት ወደፊት፣ አንድ ዓመት ወደኋላ ይላል። ሌናርት ሙቀቱን ለካ። እርጥበቱን ለካ። ከሕንፃው ሥር የሚያልፈው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ቱነልባና፣ እያነቃነቃቸው እንደሆነ ብሎ የባቡሩን ሰዓት ሳይቀር መዘገበ። በሰባተኛው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት ጸጉሩ ቆሞ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጣ።

«ጨረቃ ናት!» አለ። «ሲራክ፣ ጨረቃ ናት! ባሕርን እንደምትስብ ዓለትንም ትስባለች። እነዚህ ፍጥረታት ለሚሊዮን ዓመታት ዓለት ውስጥ ኖረው ጨረቃን ያውቋታል!»

ያቺን ትንሿን ጥርስ፣ ማለትም ነነዌን፣ «የምድር ማስጠንቀቂያ» ብሎ ሰየማት። ጨረቃ ያልነካቻትን ሰባት ቁጥርን «የተበላሸች» ብሎ ከስሌቱ አስወጣትና አንገቷ ላይ ቀይ ቴፕ ለጠፈባት። ሲራክ ያን ዕለት ሊነግረው አፉን ከፍቶ ነበር። ግን የሌናርት ዓይን እንደ ልጅ ዓይን ያበራ ስለነበር አፉን መልሶ ዘጋው። አንዴ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ የሚከፈትበት ቀን እየራቀ ሄደ።

ሌናርት ለሲራክ ተራ አለቃ አይደለም። ሲራክ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ወለል ያጸዳ ነበር። አንድ እሑድ ትልቁ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሲያገኘው፣ ማንም ሳያዘው በረዶ ከየቦታው ለቃቅሞ የተመራማሪዎቹን ናሙና ሁሉ ሲያድን ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሌናርት መጥቶ አየና «አንተ መጥረጊያ መያዝ የለብህም» አለው። ኮርስ አስገባው፣ ነጭ ጋውን አስለበሰው። ሰዎቹ ከገና ማግሥት እስከ ፋሲካ ሴምላ የሚሉትን ክሬም የታጨቀበት ዳቦ በሚበሉበት ወራት፣ ሲራክ በፊካ፣ በቡናው ዕረፍት ሰዓት፣ ባዶ ስኒ ይዞ እንዳይቀመጥ ብሎ፣ ሌናርት በየዓመቱ የጾሙን ቀኖች ከእሱ ይቀበላል፤ ሻይ ክፍሉ ካላንደር ላይ በአረንጓዴ ያሰምራቸዋል። አረንጓዴ በተሰመረበት ቀን ወተትና ቅቤ ያልነካው ዳቦ ለብቻው ያስመጣለታል። ይህን ሰው እንዴት «ጨረቃህ እኔ ነኝ» ይበለው?

ዘንድሮ ሲራክ ከፋሲካ በኋላ ጡረታ ይወጣል። አወጣጡንም በልቡ ጨርሶታል፤ ኬክ፣ አበባ፣ የሌናርት አጭር ንግግር፣ ከዚያ ምሥጢሩን በሆዱ ይዞ በአረንጓዴው የባቡር መስመር ወደ ሮግስቬድ። ይህ ዕቅድ አንድ እንከን ብቻ ነበረበት። በጥር ወር ከአዲስ አበባ ለዶክትሬት የመጣች ሰሎሜ የምትባል ልጅ ሌናርት ቀጠረ። ሰሎሜ ደግሞ አማርኛ ታነባለች።

በስድስተኛው የጾም ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ሰሎሜ መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። በሚቀጥለው ሰኞ ሌናርት የጨረቃውን ግኝት ከአራት አገር ለሚመጡ እንግዶች ሊያቀርብ ነው፤ ለዚያ ብላ የቀለቡን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ ነበር።

«ጋሽ ሲራክ።»

«አቤት ልጄ።»

«ይሄ ምንድን ነው የሚለው?»

ሲራክ መነጽሩን ኪሱ ውስጥ እያለ ፈለገው። «ፊርማዬ ነው።»

«ጾም ይላል እኮ።»

«እ… እሱንም ይላል።»

«መጋቢት ሙሉውን ጾም ይላል። ነሐሴም ጾም ይላል። እዚህ ጋ ደግሞ 'ጸሎተ ሐሙስ፣ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነኝ' ይላል። ጋሽ ሲራክ፣ እርስዎ… ባክቴሪያ አስጹመዋል?»

«ሰባት ቁጥርን አላስጾምኳትም» አለ ሲራክ፣ እንደሚሟገት ሰው። «ታማ ነበር።»

ሰሎሜ ሳቋ አፈናትና መዝገቡን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እምባዋን እየጠረገች ብልቃጡን ከጠረጴዛው አነሣች። «ደግሞ እኮ ይሄ ከስኳር ተብላልቶ ነው የሚሠራው። የላም ዘር የለበትም፤ ስሙ ብቻ ነው።»

«የለበትም?»

«ጠብታ የለበትም።»

ሲራክ ተራ በተራ ጠርሙሶቹን አያቸው። አሥራ አንድ ዓመት፣ በከንቱ! ይቅርታ ቢጠይቃቸው በወደደ፤ ልጅቷ እያየችው አፈረ።

ሰሎሜ ሳቋ ሲበርድ ፊቷ ተቀየረ። «ጋሽ ሲራክ፣ በዓመት ሰባ ሦስት ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት መዳቡ የሚበላው የለም ማለት ይቻላል። በዓመት ይሄን ያህል ይበላል ብለን የያዝነው ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ነው። ነገ አንድ ሰው ይሄን ወረቀት አንብቦ ጋኑን ቢያቀጥነውስ?» ጣቷን ወደ ወለሉ ቀሰረች። «እዚያ ታች እኮ እርስዎ የሉም። ማን ያስጾማቸዋል?»

ሲራክ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ነገሩን ሁሉ በእሱና በሌናርት መካከል ያለ ቀልድ አድርጎ ነበር የያዘው። መቶ ሺህ ዓመት ቆይተው የሚመጡት ሰዎች፣ አማርኛም ስዊድንኛም የማያውቁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተደቀኑ። «ለእሱ የምነግረው እኔ ነኝ» አላት። «አንቺ እንዳትቀድሚኝ፣ አደራ።»

ማታ ለዘመናይ ሲነግራት አልሳቀችም። ከሁዲንጌ፣ ከምትሠራበት ሆስፒታል ወጥ ቤት፣ ደክሟት ገብታ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነበር።

«ቢጠላኝስ?» አላት።

«ይጥላህ። ሰኞ አገር ፊት ከሚዋረድ ሐሙስ አንተ ፊት ቢያፍር አይሻለውም? ሰው ያደረገህን ሰው ሰው ፊት ልታስቀልድበት ነው?»

ሲራክ ሌሊቱን ሙሉ የስዊድንኛ ዓረፍተ ነገር ሲያሰካካ አደረ።

ሐሙስ በፊካ ሰዓት ሻይ ክፍሉ ውስጥ ሲራክ፣ ሌናርትና ሰሎሜ ብቻ ነበሩ። ሌናርት የሰኞውን ንግግር እያነበነበ፣ ያን የጾም ዳቦ ለሲራክ በሳህን አቀረበለት። ያ ዳቦ ነው አንጀቱን የበላው። ሌሊቱን ያሰካካው ስዊድንኛ ከአፉ ጠፋ፤ «ጨረቃ» የሚለው ቃል ብቻ ቀረው፤ እሱ ደግሞ አያዋጣም። ስለዚህ ተነሣና ካላንደሩን ከግድግዳው አወረደ። ሌናርት ምንም ነገር የማይጥል ሰው ነውና የድሮዎቹ ካላንደሮች መሳቢያ ውስጥ ተደርድረዋል፤ እነሱንም አወጣ። ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈው የአሥራ አንድ ዓመቱ መስመር ሥር፣ እያንዳንዱን ካላንደር በየዓመቱ አንጻር ወለሉ ላይ ዘረጋ።

ሌናርት ስኒውን ይዞ ተከትሎት ወጣ። ሸለቆ፣ ሥሩ አረንጓዴ። ሸለቆ፣ ሥሩ አረንጓዴ። የነሐሴዋ ጉድጓድ፣ ሥሯ አረንጓዴ። ጎንበስ ብሎ ጣቱን በአንዷ ትንሽ ጥርስ ሥር አኖረ፤ ሦስት ቀን፣ በራሱ እጅ የተሰመረች።

«የምድር ማስጠንቀቂያ» አለ ቀስ ብሎ።

«እሷ ነነዌ ናት» አለ ሲራክ። «በጾም አልቀልባቸውም። መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማዬ አይደለም፤ ጾም ነው የሚለው። ቀን በቀን ጽፌዋለሁ።»

ሌናርት ከጎንበሰበት ቀና አለ። «ስለዚህ ጨረቃ የለችበትም።»

«አለችበት እንጂ!» አለ ሲራክ፤ ስዊድንኛው በድንገት ተመለሰለት። «ፋሲካችን የሚወጣው በጨረቃ ነው። ፋሲካ ሲሄድ ጾሙም ይሄዳል፣ ጾሙ ሲሄድ ሸለቆህም ይሄዳል። አንተ አልተሳሳትክም ሌናርት። መሐል ላይ እኔ መኖሬን ብቻ ነው ያላየኸው።»

ሌናርት ስኒውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ደረጃውን ወረደ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ሲራክ ኮሪደሩ ላይ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ቀረ። አፈረ፣ ፈራ፣ ከሁሉም በላይ ግን አዘነ፤ አሥራ አንድ ዓመት የጾም ዳቦ ላስመጣለት ሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ሳይነግረው እጁን ዘርግቶ የበላ መሰለው። እውነትም በልቷል። ሰሎሜ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሌናርት ሰባት ቁጥርን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣ።

«ይቺስ?»

«ታማ ነበር። ሕመምተኛ አይጾምም።»

«ሳትቋረጥ በልታለች?»

«ከመጀመሪያው ጾም አንድ ማክሰኞ በቀር አንድ ቀን አልዘለልኩባትም። እሱም ተጽፏል።»

ሌናርት ወደ ሰሎሜ ዞረ፤ እሷም ራሷን ነቅንቃ አረጋገጠችለት። ከዚያ ጥፍሩን ቀይ ቴፑ ሥር አስገብቶ ላጠው። «ከአሥራ ሁለቱ እውነቱን ስትነግረኝ የኖረችው ይቺ ብቻ ነበረች» አለ። «እኔ ደግሞ የተበላሸች ብዬ ጣልኳት።» ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲራክ እያለቀሰ መሰለው። ኋላ ግን ሳቁ ከሆዱ ወጣ፤ ከጎረቤት ክፍል ሰዎች በር ከፍተው እስኪያዩ ድረስ ሳቀ፤ ጠርሙሷ እንዳትወድቅ ሰሎሜ ተቀበለችው።

«ሰኞ ምን ልትል ነው?» አለ ሲራክ።

«ሰኞ የምትናገረው አንተ ነህ። አሥራ አንዱ እንዴት እንደተራቡ፣ አንዷ እንዴት እንደጠገበች። መዝገቡን ይዘህ ትቆማለህ፣ ሰሎሜ ታነባለች፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አፍራለሁ።»

ሲራክ ለማምለጫ ሰዓቱን አየ። «ሐሙስ ነው። ሄጄ ልቀልባቸው። ከስኳር ነው አሉ፣ የጾም ነው።»

«ቆይ» አለ ሌናርት። «ለፋሲካችሁ ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥራ ሰባት።»

«እንግዲያው ይጨርሱት። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሥርዓት የሄደ ሙከራ ጫፉ ላይ ሲደርስ አይቀየርም።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «የጀመሩትን መግደፍም ጥሩ አይመስለኝም።»

ሦስቱም ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሲራክ ሰባት ቁጥርን ብቻ ቀለባት። ሌናርት መዝገቡን ከፍቶ እስክሪብቶ ያዘና ያን ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀ። ሲራክ በወረቀት ቁራጭ ላይ ጻፈለት። ሌናርት ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ አሥራ አንድ ሣጥን ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ፣ በወልጋዳ ፊደሎች «ጾም» ብሎ ጻፈ። የሰባት ቁጥርን ሣጥን ለሲራክ ተወለት።

ሲራክ «በልታለች» ብሎ ጻፈ። «ታማለች» የምትለዋን ከዚያ ቀን ወዲያ አልጻፋትም።